የባሕር ዳር ኪስ፦ ከተማዋ ከምን ታገኛለች፣ በምን ትቸገራለች

አባይ ማዶ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ የመኝታ ክፍላቸውን መስኮት ገርበብ አድርገው ያድራሉ። ምክንያቱ ውኃ ነው። በሰፈሩ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ስለሆነ፣ ጀሪካኖቹን ከግቢው ቧንቧ ሥር ደርድረው ጆሯቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይተኛሉ። አስቀድሞ የሚመጣው አየር ነው፤ ባዶ የቆየው መስመር ሲሞላ በውስጡ የታፈነው አየር በቧንቧው አፍ እያፏጨ ይወጣል፤ እርሳቸውም በዚያ ፉጨት ይነቃሉ። አንድ ሌሊት ባትሪ ይዤ አብሬያቸው ቆሜ ሳለ፣ ገና አንድ ጠብታ ሳይወርድ የቆጣሪው ትንሽ ቀይ መርፌ ሲሽከረከር በጣታቸው አሳዩኝና «አየህ ልጄ፣ አየሩንም እየቆጠረብኝ ነው» አሉኝ።

ስለ ከተማችን በጀት በተነሣ ቁጥር ያቺ መርፌ ትታወሰኛለች። መስመሩ በአየር የሚሞላው ፈረቃ ስላለ ነው፤ ፈረቃ ያለው የውኃው ምርትና ሥርጭት የከተማዋን እድገት መከተል ስላቃተው ነው፤ ያቃተው ደግሞ ለማስፋፊያም ለጥገናም በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚመጣ በቂ ገንዘብ ስለሌለ ነው። ባሕር ዳር፣ እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች፣ በየወሩ የሚደጋገም ወጪዋን አንድ ጊዜ ተላልፎ በሚያልቅ ነገር፣ ማለትም በመሬት፣ ለመሸፈን ስትሞክር ኖራለች። የፕላኑም፣ የቤቱም፣ የውኃውም፣ የቆሻሻውም ችግር ተከትለው ቢሄዱ የሚያደርሰው እዚህ ነጥብ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከተማዋ በዘፈቀደ የተቆረቆረች አይደለችም። በ1950ዎቹ ዓመታት በጣሊያን የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ደግሞ ዛሬም «ፖሊ» እያልን የምንጠራው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ሲቋቋሙ፣ ማክስ ጉተር በተባለ ጀርመናዊ ባለሙያ የሚመራ ቡድን ለከተማዋ ማስተር ፕላን አዘጋጅቶ ነበር። እንግዳ ሁሉ የሚያደንቃቸው ሰፋፊ ጎዳናዎችና መኻል ለመኻል የተተከሉት ዘንባባዎች ከዚያ ዘመን አስተሳሰብ የወረስናቸው ናቸው። መንገዱ ከመኪናው በፊት፣ ቦታው ከነዋሪው በፊት የታሰበበት ዘመን ነበር። ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ሰው ቀድሞ ይሰፍራል፣ መንገዱ፣ ቦዩና ቧንቧው ዓመታት ዘግይተው ይከተሉታል።

በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የባሕር ዳር ነዋሪ 96,140 ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በ1999 ሲቆጠር 155,428 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሕዝቧን አልቆጠረችም። ይህ እንደ ተራ የቢሮ ጉድለት ሊታይ አይገባም፤ የውኃ መስመር ስፋት፣ የትምህርት ቤት ብዛት፣ ከክልሉ የሚመጣው የበጀት ድርሻ ሁሉ የሕዝብ ብዛትን መነሻ ያደርጋሉ፤ መነሻው ደግሞ የዛሬ ሁለት ዐሥርት ዓመት ገደማ በተቆጠረ ቁጥር ላይ የተሠራ ግምት ነው። በዚህ ላይ በከተማ አስተዳደሩ ሥር የሚካተቱትን ዘጌን፣ መሸንቲንና ጢስ አባይን ስንጨምር፣ አንድ አስተዳደር የሐይቅ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለን የቡና ጫካ፣ የፏፏቴ ዳር ከተማንና መኻል ከተማውን በአንድ ኪስ ማስተዳደር ይኖርበታል ማለት ነው።

ኪሱ ግን ሁለት ነው፤ ብዙ ነዋሪ የማያውቀውም ይህንን ነው። በኢትዮጵያ የከተማ አስተዳደሮች ሁለት ዓይነት ሥራ ተሸክመዋል። አንደኛው የመንግሥት ተግባር የሚባለው ነው፤ መምህሩን፣ ነርሷን፣ የቢሮ ሠራተኛውን መቅጠርና ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን ማስተዳደር በዚህ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ከክልሉ የሚመጣ ጥቅል በጀትና ከግብር የሚሰበሰብ ገቢ አለው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ተግባር ነው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የመንገድ መብራት፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ ቄራ፣ ገበያ፣ መናፈሻ፣ የመቃብር ቦታ። ለዚህኛው የሚመጣ ጥቅል በጀት የለም። ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ሊሸፍነው ይጠበቅበታል፤ የጎደለውን አንዳንድ ጊዜ በውጭ ብድርና እርዳታ የሚደገፍ ፕሮግራም ይሞላለታል። በየሰፈሩ የምንረግጠው የኮብልስቶን ንጣፍ አብዛኛው የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ውጤት ነው።

ነዋሪ ከተማውን የሚያውቀው ግን በዋናነት በሁለተኛው ኪስ ነው። በር ላይ የቆመ ጎርፍ፣ ያልተነሣ ቆሻሻ፣ የጠፋ መብራት፣ ጨለማ የዋጠው መንገድ፣ ይህ ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት ኪስ የሚወጣ ወጪ ነው። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ ነዋሪው የሚሰማው ትልቅ ጠቅላላ ድምር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ደመወዝ ወጥቶ፣ በክልሉ ቀመር የመጣው ተለይቶ፣ ለሰፈሩ ቦይ የቀረው ስንት እንደሆነ ተነጥሎ ሲነገረው አይሰማም። ሁለቱ ኪሶች በየዓመቱ ለየብቻ ተዘርዝረው ለነዋሪው ቢቀርቡ፣ ዛሬ በምሬት ብቻ የሚነገረው ነገር ግማሹ ወደ ውይይት ይለወጥ ነበር።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ኪስ የሚገባው ምንድን ነው? የቦታ ኪራይ፣ በተለምዶ የጣሪያ ግብር የሚባለው የቤት ግብር፣ የግንባታ ፈቃድና የስም ማዛወሪያ ክፍያ፣ የገበያና የቄራ ገቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊዝ። የቦታ ኪራይና የቤት ግብር የተደነገጉት በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ደርግ ያወጣው ሕግ ሆኖ ሳለ፣ የቦታና የቤት ዋጋ ከዚያ ዘመን ጋር ሊነጻጸር በማይችልበት ጊዜም ሲሠራበት ቆይቷል። የአባቴን የይዞታ ፋይል ሳገላብጥ ያገኘሁት አንድ ደረሰኝ ትዝ ይለኛል። ጠርዙ የተበላ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ወረቀት ነው፤ ለዓመቱ ሙሉ የተከፈለው ገንዘብ ዛሬ ለሁለት ሰው ቁርስ አይበቃም። ያ ግቢ በር ላይ መንገድ አለው፣ ቦይ አለው፣ መብራት አለው። አባቴ የተጠየቀውን ሁሉ በጊዜው የከፈለ ሰው ነበር፤ የተጠየቀው ግን አገልግሎቱን ሊያቆም የሚችል አልነበረም።

ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ ሊዝ ላይ ይወድቃል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 በተዘረጋው ሥርዓት መሬት በጨረታ ወይም በምደባ ይተላለፋል፤ ለመኖሪያ ከሆነ የመጠቀሚያው ዘመን እስከ 99 ዓመት ይደርሳል፤ አሸናፊው ቢያንስ ከጠቅላላ ዋጋው 10 በመቶውን ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በየዓመቱ ይከፍላል። በሕጉ አነጋገር መሬት አይሸጥም፤ በከተማው ሒሳብ ግን የሊዝ ገቢ የሚሠራው እንደ ሽያጭ ነው። ብዙ ጨረታ በወጣበት ዓመት ኪሱ ይሞላል፤ ገበያው በቀዘቀዘበት፣ ወይም የሚዘጋጅ መሬት ባለቀበት ዓመት ደግሞ ይደርቃል። ቦይ ግን በየክረምቱ መጠረግ አለበት፤ ቆሻሻ በየሳምንቱ መነሣት አለበት። በሚዋዥቅ ገቢ ላይ የማይዋዥቅ ወጪ ሲጫን ሁልጊዜ የሚሠዋው ጥገና ነው፤ ጥገና ሪባን አይቆረጥለትም፤ ባይሠራም ጉዳቱ ወዲያው አይታይም።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተፈጠረው ግጭት ይህንን ድክመት አብዝቶታል። ወደ ጣና ገዳማትና ወደ ጢስ አባይ የሚመጣው እንግዳ ሲቀር፣ ንግዱ ሲቀዘቅዝ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ በሊዝ ገንዘቡን የሚያስር ባለሀብት ማግኘት ይከብዳል። ከተማዋ ቋሚ የገቢ መሠረት ቢኖራት ኖሮ ድንጋጤው ይቀንስላት ነበር።

የከተማ መሬት ከሰማይ አይወርድም፤ ከገበሬ የሚወሰድ ነው። በዘንዘልማ፣ በወራሚትና በሰባታሚት አቅጣጫ የሄደ ሰው የሚያየው ትናንት ጫት፣ ሽንኩርትና ማንጎ ሲመረትበት የነበረው መሬት ዛሬ በድንጋይ ችካል ተከፋፍሎ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ለዘለቄታው የተነሣ ገበሬ ካሣው ይሰላ የነበረው ካለፉት አምስት ዓመታት በተወሰደ አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎ መነሻውንም አሻሽሎታል። መሻሻል ነው፤ ነገር ግን መሠረታዊው ልዩነት አልጠበበም። ለገበሬው የሚሰላለት መሬቱ እንደ እርሻ በሚሰጠው ምርት ነው፤ ከተማው ግን የሚያስተላልፈው እንደ ከተማ ቦታ በሚያወጣው ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የማዘጋጃ ቤቱ ትርፍ መሆኑን ገበሬው አሳምሮ ያውቃል።

ማወቁም የሚያስከትለው ነገር አለ። ችካሉ ወደ እርሱ ሳይደርስ በፊት እርሻውን ቆራርሶ በግል ውል ለከተማ ሰው ያስተላልፋል፤ ገዢውም በጥቂት ሌሊቶች ግድግዳ አቁሞ ቆርቆሮ ያለብሳል፤ «የጨረቃ ቤት» የምንለው ይህ ነው። አስተዳደሩ አንዴ ያፈርሳል፣ አንዴ ደግሞ ሕጋዊ አድርጎ ይመዘግባል፤ ይህ መዋለል ራሱ ቀጣዩን ግንባታ ይጋብዛል። በፕላን አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 574/2000፣ አንድ ከተማ የአሥር ዓመት መዋቅራዊ ፕላንና ከሥሩ ዝርዝር የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖረው ይጠበቃል። ፕላኑ በወረቀት ላይ አረንጓዴ ቦታ ብሎ የለየው ሥፍራ ላይ ቤተሰብ ከሰፈረ በኋላ ግን የሚያከራክረው ጉዳይ ከፕላን ወደ ሰው ኑሮ ይሸጋገራል፤ በዚያን ጊዜ የትኛውም ውሳኔ ጎጂ ነው።

የቤት ጥያቄ ባሕር ዳር ላይ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ማኅበር። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ሳይቀር ወይ በማኅበር ተደራጅቷል ወይ ሊደራጅ እየተሯሯጠ ነው። የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት በዝግ አካውንት ገንዘብ ያስቀምጡና መሬት በምደባ፣ በሊዝ መነሻ ዋጋ፣ እስኪሰጣቸው ይጠብቃሉ። መንግሥት በ1996 አዲስ አበባ ላይ የጀመረውን የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ወደ ክልል ከተሞችም አስፍቶ የነበረ ቢሆንም፣ በክልሎች ስላልቀጠለ የመካከለኛ ገቢ ነዋሪ ተስፋ ወደ ማኅበር ዞሯል።

የሁለቱ ኪስ ነገር እዚህም ይመጣል። ለማኅበር በመነሻ ዋጋ የተሰጠ እያንዳንዱ ቦታ በጨረታ ቢቀርብ ኖሮ ለማዘጋጃ ቤቱ በብዙ እጥፍ ገቢ ያስገባ ነበር። በአንጻሩ በጨረታ የወጣ እያንዳንዱ ቦታ ለደመወዝተኛው የማይደረስ ነው። ከተማው በአንድ እጁ ለነዋሪው ቤት፣ በሌላ እጁ ለራሱ ገቢ ይፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚያገኘው ከአንድ መሬት ነው። በዚህ ምክንያት የማኅበራት ጥበቃ ሲረዝም ሁሉንም በሹማምንት ክፋት ብቻ ማስረዳት በቂ አይመስለኝም። ብልሹ አሠራር የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፤ መሬት እንዲህ ውድ በሆነበት አገር የመሬት ቢሮ ጠረጴዛ ፈተና የሚበዛበት ጠረጴዛ ነው። ነገር ግን ሹሙ ቢለወጥም ገቢው በመሬት ላይ እስከተንጠለጠለ ድረስ ግፊቱ በቦታው ይቆያል።

ቦታውን ያገኙትም ሥቃያቸው አያበቃም። ማኅበሩ ካርታ ከወሰደ በኋላ ሠፈሩ ላይ የሚጠብቀው ጥቁር አፈር ነው። መንገድ የለም፣ ቧንቧ የለም፣ የመብራት ፖል የለም። አባላቱ መዋጮ ያዋጣሉ፤ ለጠጠር፣ ለፖል ማጓጓዣ፣ ለቧንቧ መስመር። መዋጮው በየትኛውም የከተማ በጀት ሰነድ ላይ አይታይም፤ ቢደመር ግን ነዋሪው ለከተማው ምን ያህል እንደሚከፍል ያሳይ ነበር። «ሕዝቡ ግብር መክፈል አይወድም» የሚሉ ሁሉ አንድ ቅዳሜ የማኅበር ስብሰባ ላይ ቢቀመጡ ይህን አባባላቸውን ደግመው ያስቡበት ነበር። ሰው የሚከፍለው ገንዘብ የት እንደሚውል ሲያይ ያወጣል።

የቀበሌ ቤቱ ሌላ ታሪክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ተላለፉ። ኪራዩ ተንቀሳቀሰ የሚባል ባለመሆኑ ከሚገባው ገንዘብ ጣሪያ ማደስ አይቻልም። ተከራዩ በራሱ ወጪ እንዳያድስ ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ቀበሌው እንዳያድስ ገንዘብ የለውም። በመኻል ከተማው ያሉት እነዚህ ቤቶች አሁን በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት እየተነኩ ነው። ለመንገድ ማስፋት መነሣት የግድ በሚሆንበት ቦታ እንኳ፣ ተከራይ የኖረበትን ሰፈር ሲያጣ የሚያጣው ጎጆውን ብቻ አይደለም፤ ቡናውን አብረውት የሚጠጡትን ጎረቤቶችም፣ ዕድሩንም፣ ጉልቱንም ነው። ምትክ ቤት ከተማ ዳር ሲሰጠው የትራንስፖርት ወጪው ከኪራዩ እንደሚበልጥ ማስላት ለማንም አይከብድም።

ውኃ ላይ ልመለስ። ሰው ሁሉ ባሕር ዳር ከጣና የምትጠጣ ይመስለዋል። የከተማዋ የቧንቧ ውኃ ግን የኖረው ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ አረቄ፣ ሎሚና ጥቁሪት የተባሉት ምንጮች ለከተማዋ ባለውለታ ናቸው። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ጀሪካን ማሰለፍ ለእንግዳ ግራ ቢሆንም፣ የሐይቅ ውኃ አጣርቶ ለመጠጥ ማብቃት ከምንጭ ውኃ ይልቅ ብዙ ወጪ እንደሚጠይቅ መረሳት የለበትም። ጣና ጥልቀቱ ትንሽ፣ ከተፋሰሱ የሚመጣው ደለል ብዙ ነው፤ ከ2004 ገደማ ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ ተጨምሮበታል።

የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ከማዘጋጃ ቤቱ ተለይቶ በቦርድ የሚመራ፣ የሥራ ማስኬጃውንም ከታሪፍ ገቢው እንዲሸፍን የሚጠበቅ ተቋም ነው። ይህ አሠራር በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ የውኃ ክፍያ ለውኃ ይውላልና። ችግሩ ከታሪፉ የሚገኘው ለኬሚካልና ለፓምፕ መብራት፣ ለደመወዝና ለተሰበረ ቧንቧ ከዋለ በኋላ ለአዲስ ጉድጓድና ለአዲስ ማጠራቀሚያ የሚተርፍ አለመኖሩ ነው። ታሪፉ ቢጨመርስ? ጎረቤቴን የመሰሉ ሰዎች አየር እየተቆጠረባቸው ተጨማሪ ሊከፍሉ አይገባም። ታሪፍ መስተካከል ያለበት ይመስለኛል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የሚፈሰው ቧንቧ ይጠገን፣ አየር ማስወጫ ቫልቭ ይገጠም፣ የፈረቃው ሰዓት አስቀድሞ ይነገር። ከተመረተው ውኃ ውስጥ መንገድ ላይ የሚፈሰውና በተበላሸ ቆጣሪ የሚያልፈው ሳይቀንስ ዋጋ መጨመር የኪሳራውን ሸክም በሥርዓት በሚከፍለው ሰው ላይ መጫን ነው።

መብራቱ ደግሞ ከከተማው ሥልጣን ውጭ ነው። ከጣና በሚጠለፍ ውኃ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ከ2002 ጀምሮ ይሠራል፤ ኃይሉ የሚገባው ግን ወደ አገሪቱ ቋት ነው፤ ሥርጭቱን የሚያስተዳድረውም የፌዴራል ተቋም ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ፈረቃው ይዘላል፤ ነዋሪው ግን የሚወቅሰው በአቅራቢያው ያገኘውን የከተማ ሹም ነው። አንድ ሠፈር ውስጥ መንገዱን ማዘጋጃ ቤት፣ ቧንቧውን የውኃ ተቋም፣ ፖሉንና የስልክ መስመሩን የፌዴራል ድርጅቶች ይይዛሉ፤ በሰኔ የተነጠፈ ኮብልስቶን በጥቅምት ለቧንቧ ተቆፍሮ ሲገኝ የምናየው የዚህ ውጤት ነው። ሦስቱ ዕቅዳቸውን በአንድ ካርታ ላይ ቢያስቀምጡ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ ገንዘብ ይድን ነበር። ከተማው አቅሙ የማይፈቅድለት ብዙ ነገር አለ፤ ይህ ግን ከዚያ ውስጥ አይቆጠርም።

ፍሳሹ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከተማዋ ቤት ለቤት የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር ይዛ አላደገችም፤ አብዛኛው ነዋሪ የሚጠቀመው በግቢው ጉድጓድ ነው፤ ሲሞላ የመምጠጫ መኪና ይጠራል። መሬቱ ሜዳ ነው፤ በሐይቁ አቅራቢያ ትንሽ ሲቆፈር ውኃ ይወጣል። በነሐሴ ዝናብ ቦዩ ሞልቶ ከጉድጓዱ ጋር ሲቀላቀል መሄጃው ሐይቁና አባይ ነው። በ1988 በአባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ መቆጣጠር ከጀመረ ወዲህ ውኃው እንደ ጥንቱ በራሱ ሥርዓት አይወጣም፣ አይወርድም። ቀድሞ ይህንን ቆሻሻ ያጣራ የነበረው ዳር ዳሩን የበቀለው ደንገል ነበር። ታንኳ የሚሠራበት ያ ደንገል ለእርሻ፣ ለሆቴልና ለግንባታ እየተመነጠረ ሳስቷል። ዩኔስኮ በ2007 የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል፤ በሊዝ ገበያው ግን የሐይቅ ዳር ቦታ ዋጋ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ገንዘብ ያጠረው አስተዳደር ደግሞ በጣም ውዱን ቦታ ሳይነካ መተው ይከብደዋል። ሐይቁን በሕግ ብቻ መጠበቅ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ከተማው ሐይቅ ዳሩን ሳይሸጥ መኖር የሚችልበት ገቢ ያስፈልገዋል።

ያ ገቢ ከየት ይመጣል? በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ እንይ። 380 ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ድልድይ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የተሠራ ሲሆን፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለውን ጠባብ ድልድይ ተክቷል። ከተማው ከኪሱ አልከፈለበትም። ድልድዩ ግን ከመመረቁ በፊት ጀምሮ የአባይ ማዶን የቦታና የቤት ዋጋ አንሥቶታል። ይህን ጭማሪ ያገኘው ማን ነው? ቤቱን የሸጠ ሰው፣ ኪራይ የጨመረ አከራይ፣ ቦታ ይዞ የጠበቀ ሰው። ከተማው ያገኘው በአካባቢው በጨረታ ካስተላለፈ የሊዝ ዋጋውን፣ ቤት ከተሸጠ ደግሞ የስም ማዛወሪያ ክፍያውን ብቻ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተፈጠረ ሀብት ለሕዝብ ተመልሶ ቦይ የሚሆንበት መንገድ አልነበረም።

በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የሚያነጣጥረው እዚህ ላይ ነው። አዋጁ የቆየውን የቦታ ኪራይና የጣሪያ ግብር ተክቶ፣ ንብረቱ ባለው ዋጋ ላይ የተመሠረተ ዓመታዊ ታክስ ከተሞች እንዲሰበስቡ መንገድ ይከፍታል፤ ዝርዝሩን ለክልሎች ይተዋል። ብዙ ሰው ሲሰማው የደነገጠው በኑሮ ውድነቱ ላይ ሌላ ዕዳ ስለመሰለው ነው፤ ድንጋጤውም ተገቢ ነው። ቤቱ ውድ ሆኖ ኪሱ ባዶ የሆነ ጡረተኛ ባሕር ዳር ውስጥ ሞልቷል፤ በ1970ዎቹ በምሪት ያገኙትን ቦታ ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ዛሬ ቦታው መኻል ከተማ የሆነባቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለቤት ታክሱ ቤቱ እስኪሸጥ ወይም በውርስ እስኪተላለፍ የሚዘገይበት አሠራር በክልሉ ደንብ ውስጥ ሊገባ ይገባል። አከራይም ታክሱን በሙሉ ወደ ተከራይ እንዳያሸጋግር መከላከያ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ተጠብቆ፣ እኔ ታክሱን እደግፋለሁ። በየዓመቱ የሚመጣ፣ በየዓመቱ ሊተመን የሚችል ገቢ ከሌለ ከተማው ነገም መሬት ፍለጋ ወደ ዘንዘልማ ይወጣል፤ ሐይቅ ዳሩንም ይቆርሳል። ድጋፌ ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ከሌላው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋ ለጥገና በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ በየቀበሌው ምን ያህል ተሰብስቦ በምን ላይ እንደዋለ በዕድሩ መሰብሰቢያና በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። የማኅበር አባል መዋጮውን የሚከፍለው ፖሉን ቆሞ ስለሚያየው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብም ወዴት መሄድ እንዳለበት መገመት አይከብድም። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ቦዮቹ ይጠረጉ፤ ከዚያ ለፓምፖቹ መጠባበቂያ ጄኔሬተር፣ ከዚያ ደግሞ አየር ማስወጫ ቫልቭ። ቫልቩ ትንሽ ብረት ነው፤ በመስመሩ ከፍታ ቦታዎች ላይ ይገጠምና ውኃ ሲመጣ አየሩን ወደ ውጭ ይተፋል። ያ ቢገጠም፣ ጎረቤቴ ከቧንቧቸው አጠገብ የሚቆጠርባቸው ውኃው ብቻ ይሆናል።